ሰባተኛው ስም

ዘይኑልአቢዲን በስህተቱ ሰው ማሳቅ የጀመረው ጉልበቱ ከተሰበረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ ለደሴ ቡድን በግራ ክንፍ ሲጫወት፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው ሰው አልነበረም። ጨዋታ አልቆ ሌሎቹ ሲጯጯሁ እሱ ጥግ ይዞ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል የኮምቦልቻ ተከላካይ ጉልበቱን መታው። ወጌሻ አሽቶ አሰረው፣ ሐኪም ፈቶ አሰረው፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው መታጠፍ እምቢ አለ። ከሜዳው መራቅ ስላልቻለ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀመጠ። አንድ እሑድ ጨዋታውን የሚያሰማው ሰው ሳይመጣ ቀረና ማይክሮፎኑን ለእሱ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የተቀበለው የለም።

የማጉያው አፎች አራት ነበሩ። ሁለቱ ወደ ሜዳው፣ አንዱ ወደ ፒያሳ፣ አንዱ ከሜዳው በታች ወዳለው መንደር ዞረው በረጃጅም ግንድ ላይ ተሰቅለዋል። በሥራ ቀን ቀበሌው ስብሰባና መመሪያ ያስነግርባቸዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ የዘይኑ ናቸው። ሜዳ የማይገባ ሰው ሁሉ፣ ባለሱቁም፣ እመጫቷም፣ ሽማግሌውም፣ ኳስን የሚያውቃት በዘይኑ አፍ ነው።

አፉ ደግሞ እንደ እግሩ አልሆነለትም። ከኮምቦልቻ የመጣን አንድ የጦር አዛዥ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «በሰላም ይግቡ» ብሎ አሰናበተው። ዳኛውን ጎል አገባ ብሎ አስጨበጨበለት። ለአንድ ሟች አሠልጣኝ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ በታወጀ ጊዜ፣ ሕዝቡ እንዴት ጸጥ እንዳለ፣ ማን ባርኔጣውን እንዳወለቀ፣ ማን ሊያስነጥሰው እንደሆነ፣ ደቂቃዋ እስክታልቅ ድረስ ሲያወራ ነበር። ከሁሉ የሚነገርለት ግን የጉሙ ነው። አንድ የሰኔ እሑድ ጉም ከጦሳ ወርዶ ሜዳውን ዋጠው። ዘይኑ ዝም ማለት ስላልቻለ ለሩብ ሰዓት ያህል ኳሷን ከእግር እግር እያቀባበለ፣ ሁለት ጎል አስቆጥሮ፣ አንድ ተጫዋች በጥፋት አስወጥቶ ሲናገር ቆየ። ጉሙ ሲገለጥ ሜዳው ላይ አንድ አህያ ብቻ ነበር። ጨዋታው ተቋርጦ ሁሉም ሻይ ሊጠጡ ሄደው ኖሯል።

«ሴት ባል ታገባለች» ትላለች ሚስቱ ረሂማ ለጎረቤት። «እኔ ያገባሁት ሬዲዮ ነው። እሱም ሲገዛ የተበላሸ።»

ዘይኑ አይቀየምም። ስህተቱን ራሱ አይሰማውም ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ሲስቅ ነው። ሳቁ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ፒያሳ ሲሄድ ይሰማዋል፤ ያኔ ምን ብዬ ይሆን ብሎ ወደ ኋላ ይፈልጋል።

በኅዳር 1970 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጧት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገብረ ማርያም አስጠራው። በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠው፤ ከላይ አንድ አንቀጽ፣ ከታች ዐሥራ አንድ ስም።

«የሚያነበው ጓድ ታሟል» አለው። «ቀስ ብለህ አንብብ። ኳስ አይደለም።»

ዘይኑ አንቀጹን አነበበ። አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው የሚለውንም አንብቦ ስሞቹን ጀመረ። ስድስተኛውን ሲጨርስ ዓይኑ ከሰባተኛው ላይ ዐረፈ። ቀለሙ ይመር፣ ዕድሜ ሃያ።

ቀለሙን ኳስ በግራ እግሩ ማቆም ያስተማረው እሱ ነበር። ጫማውን ያወረሰው፣ ዐሥራ አንድ ቁጥሩን ያወረሰው ለእሱ ነበር። ልጁ የተወሰደው በጥቅምት ነው፤ ከትምህርት ቤት ደጅ፣ ደብተሩን እንደያዘ። እናቱ ፀሐይነሽ መበለት ናት፤ ሌላ ልጅ የላትም። ቤቷ ከአራተኛው የማጉያ አፍ በታች ነው። በዚያ ሰዓት ምን እንደምትሠራ ዘይኑ ያውቃል፤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

ስምንተኛውን አነበበ።

ከጎኑ የማጉያው ሠራተኛ ሀምዱ ቆሞ ወረቀቱን በዘይኑ ትከሻ ላይ አሻግሮ ያይ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ማጉያውን አጠፋና ሽቦውን በክርኑ ላይ መጠቅለል ጀመረ፤ ጠቅልሎ ጨርሶም እንደገና ፈታው።

በማግስቱ ገብረ ማርያም ዘይኑን መንገድ ላይ አቆመው።

«ሰዎች ያነበበው ዐሥር ነው ይሉኛል።»

«ዐሥራ አንድ ነው» አለ ዘይኑ። «ወላሂ ዐሥራ አንድ ነው።»

ገብረ ማርያም ጥቂት አየው። ከዚያ ሳቀ። «አንተና ቁጥር መቼ ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ» ብሎ አለፈ።

ስማቸው የተነበበ የዐሥሩ ልጆች እናቶች ማልቀስ ተከለከሉ። ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ነጠላ አይዘቀዘቅም ተባለ። ቢሆንም ቁርጣቸውን ዐወቁ፤ በር ዘግተው፣ ትራስ ነክሰው አነቡ። ፀሐይነሽ ግን ልጇ ከስሞቹ መካከል ስላልነበረ ትራስ የምትነክስበት ምክንያት አልነበራትም። በወሎ ምድር ማልቀስ የሚጀመረው መርዶ ሲነገር ነው። ማለዳ፣ መርዶው የሚነገረው ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስበው ይመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ራሱን እንዳይጎዳ ይይዙታል። መርዶ ያልተረዳ ሰው አያለቅስም። ይጠብቃል።

ፀሐይነሽ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ጠበቀች። ዘይኑ በዚያች ደጃፍ ማለፍ ትቶ በላይኛው መንገድ ይዞር ነበር፤ ጉልበቱ ዳገቱን እየጠላው።

በየካቲት 1971 ዓ.ም. አንድ እሑድ ደሴ ከኮምቦልቻ ተጋጠሙ። ሜዳው ሞልቷል፤ ብርዱ ቢበረታም ጉም የለም። ዐሥራ አንድ ቁጥር ለብሶ በግራ ክንፍ የሚጫወተው በሺር የሚባል አዲስ ልጅ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ በመስመሩ ወጣችለት። በሺር በግራ እግሩ አቆማት፤ ተከላካዩ እስኪቀርበው እንደ መጠበቅ አለና በድንገት ወደ ውስጥ ታጠፈ። ዘይኑ የዚያን እጥፋት መነሻ ያውቀዋል፤ ከራሱ ጉልበት የወጣ ነው። የተሰበረው እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ዐብሮ ታጠፈ።

«ቀለሙ!» አለ ዘይኑ። «ቀለሙ አለፈ፣ ቀለሙ አንዱን ጣለ፣ አሁንም ቀለሙ...»

ሳቁን ጠበቀ። ሳቅ አልመጣም።

አራት ሺህ ሰው ዝም አለ። በሺር መቷት የወጣችውን ኳስ ለማምጣት የሮጠ ሰው እንኳ አልነበረም። አፉ ምን እንዳለ ዘይኑ ያን ጊዜ ዐወቀ። ሀምዱ እጁን ማጥፊያው ላይ ጭኖ አየው።

«በሺር» አለ ዘይኑ በማይክሮፎኑ። «በሺር ነው።»

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ሰዉ እንደ ወትሮው ሳይጯጯህ ወጣ። ዘይኑ ሽቦ ሲያነሣ ፀሐይነሽ በሜዳው በር ስትገባ አያት። ኳስ ሜዳ ገብታ አታውቅም፤ ሣሩ ላይ መርገጥ ይፈቀድ እንደሆነ ያልገባት ሰው ሆና ዳር ዳሩን መጣች። ታጥፎ የተቀመጠ ንጹሕ ጋቢ በክንዷ ላይ ይዛለች።

«ዘይኑ፣ ልጄ በየት ወጣ?»

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ ተሳስቼ ነው። የሮጠው በሺር ነው። ስም ተምታታብኝ።»

«አንተ ስትሳሳት ሳቁ ቤቴ ድረስ ይመጣል። በሙቀጫ እየወቀጥኩ እንኳ ይሰማኛል። ዛሬ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም።»

«በርዷቸው ይሆናል።»

«ይህን ሁሉ ሰው ባንዴ ይበርደዋል?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የፈሩት ስላዩት ነው። አምጥተው አጫውተውት መልሰው ወሰዱት፣ አይደል? አትናገር ብለውህ ነው። አትናገር፤ እኔም አልናገርም።»

ዘይኑ አፉን ከፈተ። ከሜዳው ወዲያ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ቆመዋል። «ተሳስቼ ነው» አለ እንደገና።

«እሺ» አለች፤ ልጅ ሲዋሽ ያየ ትልቅ ሰው እሺ እንደሚለው። ጋቢውን በክንዱ ላይ አኖረችለት። «ብርድ ነው። ስታገኘው ስጠው።»

ቤቱ ሲገባ ረሂማ ጋቢውን አየች። የማን እንደሆነ ጠየቀችው። ዘይኑ ተቀመጠና ለሰው ተናግሮት የማያውቀውን ነገር፣ ወረቀቱን፣ ሰባተኛውን፣ በማግስቱ የማለውን፣ ተራ በተራ ነገራት።

«ወላሂ ብለህ?» አለች ረሂማ።

«ወላሂ ብዬ።»

«በሐሰት?»

«በሐሰት። ደጃፏ ላይ ምስር ስትለቅም ታየችኝ። በዚያ ጧት በእኔ አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን ይነግራታል ብዬ ነው።»

«ማን ይንገራት? ሰዉ ሁሉ ያመነው ያንተን ንባብ ነው።» ረሂማ ጋቢውን አንሥታ ከሣጥኑ ላይ አኖረችው። «እሷ በሕይወት ያለ ልጇን ደበቁብኝ ትላለች። አንተ የሞተውን ደብቀህባታል።»

በሥራ ቀን ዘይኑ ኮምቦልቻ የአንድ መጋዘን ሚዛን ጠባቂ ነው። በማግስቱ ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ሲገባ ፀሐይነሽ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጭኗ ላይ በጨርቅ የታሰረ ምሳ ዕቃ አለ።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለችው ጠጋ ብላ። ፊቷ የታጠበ ነው፤ ጸጉሯን ተሠርታለች። «የደሴ ልጆች ከኮምቦልቻ ዳር፣ የታጠረው ግቢ ውስጥ ናቸው አሉኝ። ስንቅ ይዤ መሄዴ ነው።»

ዘይኑ ወሬውን ማን እንደነገራት አልጠየቀም። አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጀምር ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይቀበሉዎትም፣ እትዬ።»

«እናያለን።»

ማታ ሲመለሱ ባዶውን ምሳ ዕቃ አሳየችው። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ስሙን ሰምቶ፣ ተቀብሎ ገብቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶውን መልሶላታል። ነገም አምጪ ብሏታል። ዘይኑ የዕቃውን ጠርዝ አየ። ተጠርጎ ያበራል።

ማክሰኞም ሄደች፤ ረቡዕም ሄደች። ረቡዕ ዕለት አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዘይኑ ሊነግራት ቆረጠ። እጁን ከፊቱ ባለው ብረት ላይ አደረገ። «እትዬ ፀሐይነሽ፣ አንድ ነገር...» ብሎ ሳይጨርስ ረዳቱ ከበሩ ወደ እሱ ዘወር አለ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ዛሬ ቁልቁለቱን ስንት ለስንት ወረድነው?»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ፀሐይነሽም ሳቀች። እሷ ስትስቅ ዘይኑ ያየው ከዓመት በላይ ሆኖታል። እጁን ከብረቱ ላይ አነሣ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ገብረ ማርያም አስጠራው። እንዲቀመጥ አላለውም።

«ሴትዮዋ እዚህ መጥታ ነበር። ልጇ ኮምቦልቻ እንደታሰረ ወረቀት ጻፉልኝ፣ ብርድ ልብስ እንዲያስገቡልኝ ትላለች። ከማን ሰማሽ ስላት በዘይኑ ማጉያ አለችኝ።»

«ስም ተምታታብኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ዐውቃለሁ። አንተ ምን የማይምታታብህ አለ?» እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። «እሑድ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ትናገራለህ። ቀለሙ ይመር የሚባል ተጫዋች የለም፤ ደሴ ውስጥ ኖሮም አያውቅም ትላለህ። እንደ ልማድህ አድርገህ፤ ሰው እንዲስቅ። ሰው ከሳቀበት ነገሩ ያልፋል።»

«ሴትዮዋስ?»

«ከእሑድ በኋላም ከለፈለፈች ራሷን ኮምቦልቻ እናደርሳታለን። ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች።»

ዘይኑ ከቢሮው ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም። እየተጎተተ ዳገቱን ወጣና የፀሐይነሽ የነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ ቄስ ወልደ ሚካኤል ቤት ደረሰ። ቄሱ ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ውሃ ያጠጡ ነበር። ዘይኑ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። ሲጨርስ ውሃው ከጣሳው ፈስሶ አልቋል።

«ወረቀቱ ላይ ነበር ነው የምትለኝ?»

«ነበር፣ አባ።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«ስሙን ከነአባቱ፣ ከነዕድሜው።»

ቄሱ ጣሳውን መሬት ላይ አኖሩ። «እናቱ ለምናኝ፣ እኔ በየቅዳሴው ስሙን የማነሣው ከሕያዋን ጋር ነው» አሉ። «አንድ ዓመት ከሦስት ወር። ፍትሐት አልተደረገለትም። አንድ ልጅ ያለ ፍትሐት ዐፈር ውስጥ ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ ጤና ስጠው እያልኩ እለምንለታለሁ።»

ዘይኑ «እርስዎ ይንገሯት ልልዎ ነው የመጣሁት» አለ። «እኔ ስናገር እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ።»

«መርዶ የሚናገረው ያወቀ ሰው ነው። እኔ ያወቅሁት ካንተ አሁን ነው። ልትናገር የሚገባህ አንተ ነህ፤ እኔ እይዛታለሁ።»

«እኔ እስላም ነኝ፣ አባ።»

«አንብበሃል» አሉ ቄሱ። «ይበቃል።»

በማግስቱ ዘይኑ ሀምዱን ፈልጎ ለእሑድ ሌላ ሰው እንዲያዘጋጅ ነገረው። ሀምዱ ለምን ብሎ አልጠየቀም። «የሚያነብ አይጠፋም» አለ ብቻ።

ቅዳሜ ማለዳ አራት ሆነው ሄዱ፤ ዘይኑ፣ ረሂማ ጋቢውን በክንዷ ይዛ፣ ቄሱ፣ እና የፀሐይነሽ የቅርብ ጎረቤት ገበያነሽ። ዘይኑ በመንገድ ሁሉ ቃሎቹን እንደ ሕፃን ሲያጠና ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፉን ፈርቶ አያውቅም። ስሙን ቢስት፣ ቀኑን ቢስት፣ «በሕይወት አለ» ብሎ ቢጀምርስ?

ፀሐይነሽ ምሳ ዕቃውን እያሰረች ነበር። በማለዳ አራት ሰው በአንድ በር ሲገባ አየች። እጇ ከጨርቁ ቋጠሮ ላይ ቀረ።

«አውቶቡስ ያመልጠኛል» አለች። «ቶሎ በሉ።»

ገበያነሽና ረሂማ በግራና በቀኝ ተጠጓት። ቄሱ ከኋላዋ ቆሙ። ዘይኑ ከፊቷ ቆመ።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ ልጅዎ ቀለሙ ይመር ሞቷል። ያረፈው በኅዳር 1970 ዓ.ም. ነው። እንዳነበው ከተሰጠኝ ዐሥራ አንድ ስም ውስጥ ሰባተኛው የእሱ ነበር። ሳላነበው አለፍኩ።»

ሁሉንም በትክክል ተናገረው። አንዲት ቃል አልወደቀችም።

«በስህተት ነው ያለፍከው?» አለች።

«አይደለም።»

«ያን ሁሉ ጊዜ የምትለው ስህተት ነበር። ይሄኛው አይደለም?»

«ይሄኛው አይደለም።»

ፀሐይነሽ ምሳ ዕቃውን አየችው። ቋጠሮውን ፈታች፣ ክዳኑን አነሣች። «ቀለሙ ሽንኩርት አይበላም» አለች፤ ለማንም ሳይሆን። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየለቀመ በሳህኑ ዳር ይደረድራል። ሰኞ ዕለት ሆን ብዬ ሳልፈጨው፣ በትልልቁ ከትፌ ሠራሁት። ተጠርጎ መጣ። ረሃብ ነው አልኩ፤ እስር ቤት ያስርባል፣ ሽንኩርትም ይበላል አልኩ። ማክሰኞ ጨመርኩበት። እሱም ተጠርጎ መጣ።» ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «ሲበላልኝ የሰነበተው የሰው ልጅ ነው። ይሁን።»

ከዚያ አፏ ተከፈተ። ድምፁ ከሆዷ ተነሥቶ ሲመጣ ሁሉም አዩት። ገበያነሽ መዳፏን ዘርግታ አፏን ከደነችው፤ ድምፁን መልሳ አስገባችው። «እህቴ፣ ይቅርታ» አለች ጆሮዋ ላይ። «ጥበቃዎቹ ደጅ ላይ ናቸው። ይወስዱሻል።» ፀሐይነሽ ታገለች፤ ሦስቱም ያዟት። ሲለቋት መሬት ላይ ነበረች። ረሂማ ጋቢውን አለበሰቻት። ቄሱ ጸሎታቸውን በከንፈራቸው ብቻ ጀመሩ።

ጎረቤቶች አንድ አንድ እያሉ ገቡ። አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ እሳት ልትጭር መስላ መጣች። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። በሌላ ዘመን ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት አልቃሿ ትነሣ ነበር፤ የሟቹን ቁመናና ሙያ እያነሣች፣ ሰዉ ደረቱን እየደቃ ይቀበላት ነበር። አሁን የምትነሣ የለችም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሚቀባበል ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አንድ ሰው ስለ እሱ ይናገር» አለች ፀሐይነሽ። ድምፅዋ ሻክሯል። «እንዲህ ዝም ተብሎ አይቀበርም።»

ወደ ዘይኑ ዞረች።

«ዘይኑ» አለች። «እኔ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። የማውቀው አንተ ስትናገር ነው። አንድ ጨዋታ ንገረኝ። ሙሉውን።»

ዘይኑ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተሰበረ እግሩን ዘረጋ። ማይክሮፎን የያዘ ይመስል ቀኝ እጁ ወደ አገጩ ወጣ፤ አስታውሶ መለሰው።

«ግንቦት 1969 ዓ.ም.» አለ ዝግ ብሎ። «ደሴ ከኮምቦልቻ። ደሴ ከቀኝ ወደ ግራ...» ቆመ። «ከግራ ወደ ቀኝ ያጠቃል።» ማንም አልሳቀም። «ቀለሙ ይመር ዐሥራ አንድ ቁጥር ለብሷል። እጅጌውን ሰብስቧል። መስመሩ ላይ ቆሞ በጫማው አፍንጫ መሬቱን ይመታል፤ ኳስ ከመምጣቷ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።»

«ቤትም እንዲህ ያደርግ ነበር» አለች ፀሐይነሽ።

ዘይኑ ቀጠለ። የመጀመሪያውን ጎል ኮምቦልቻ አገባ። ደሴ አቻ ሆነ። ጨዋታው ያሰለቸበትን ጊዜ ሳይዘል፣ የባከነውን ቅብብል ሳይዘል፣ ቀለሙ ወድቆ የተነሣበትን፣ ካልሲውን የሳበበትን፣ ለአንድ አዛውንት ተመልካች ኳስ በእጁ ያቀበለበትን ሁሉ እንዳየው ተናገረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ አንገቱን አስገባ።

«ምንድን ነው ስብሰባው?»

«ኳስ እየተነገረን ነው» አሉ ቄሱ።

ጥበቃው ዘይኑን አየና ፊቱ በራ። «ጋሽ ዘይኑ! የጉሙን ነው?» ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። «ቀጥል፣ እኔም ልስማ። ነገ እንደምታስቀን ሰምተናል።» ሳቁን አዘጋጅቶ ጠበቀ።

ዘይኑ ወደ ፀሐይነሽ አየ። በጋቢው ውስጥ ራሷን ነቀነቀችለት።

«ሰባኛው ደቂቃ» አለ። ስሙን ዋጠው፤ ልጁን በቁጥሩ ጠራው። «ኳስ በግራ መስመር ወጣች። ዐሥራ አንድ ቁጥር በግራ እግሩ አቆማት። ተከላካዩ መጣ። ጠበቀው። አሁንም ጠበቀው። ታጠፈ። አንዱን አለፈ። ሁለተኛው ሸሚዙን ያዘው፤ ሸሚዙ ተቀደደ፣ እሱ አለፈ። በረኛው ወጣ። ልጁ ቀና ብሎ አየው። አልቸኮለም። ምንም አልቸኮለም። በጎኑ አሳለፋት።»

ከግድግዳው ሥር ያሉት ሴቶች በነጠላቸው ተሸፍነው አጎነበሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የአንዷ የሌላዋን እየነካ፣ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ። ጥበቃው የሳቁ መሰለው። ቀልዱ ያመለጠው ሰው እንደሚያደርገው ጥቂት አመነታና እሱም ዐብሯቸው ሳቀ።

ዘይኑ ዝም አለ።

«ቀጥል» አለች ፀሐይነሽ ከጋቢው ውስጥ። «ገና ሃያ ደቂቃ አለው።»